በዘረመል ምሕንድስና የተለወጠ ምግብ መብላት ጉዳት አለውን?

ወለተ ወሎ (ሜሪላንድ) ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። አማቴ ከደሴ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ይዘውልን የመጡት ሽሮና በርበሬ እስኪያልቅ ድረስ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከገበያ የገዛሁትን የበቆሎ ቂጣ ማሸጊያ ለአያቱ ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው ከጀርባው ካለችው ክብ አረንጓዴ ምልክት ደረሰና «ባዮኢንጂነርድ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚተረጉመው ቢቸግረው «መሐንዲስ የሠራው ምግብ ነው» አላቸው። ከዚያች ቀን ወዲህ አማቴ በቆሎ የነካውን ሁሉ አይቀምሱም። ትናንት ቡና አፍልቼ ፈንዲሻ ባቀርብ እንኳ «ይህስ ከዚያው ከመሐንዲሱ በቆሎ አይደለም ወይ?» ብለው ሰሐኑን ወደ እኔ መለሱት።

በወቅቱ ሳቅሁ፤ ማታ ብቻዬን ስሆን ግን ለጥያቄያቸው የሚሆን መልስ እንደሌለኝ ተረዳሁ። በስልኬ የሚደርሱኝ ቪዲዮዎች ካንሰር ያመጣል፣ መካን ያደርጋል ይላሉ፤ የልጄ ሐኪም ደግሞ «ምንም የለውም» ብላ በአንድ ቃል ዘጋችው። ሁለቱም አላረኩኝም። እንጀራዬን የምጋግረው ጤፍ፣ ገብስና «ሰልፍ ራይዚንግ» የምንለውን የስንዴ ዱቄት ቀላቅዬ ነው፤ የምጠብሰው በአኩሪ አተር ዘይት ነው፤ ልጄ ጠዋት ጠዋት ኮርንፍሌክስ ይበላል። ከእነዚህ የትኛው የተለወጠ ነው? የተለወጠው ዘረመል ወደ ልጄ ሰውነት ይገባል ወይ? ጉዳት የለውም የሚባለውስ በምን ተረጋግጦ ነው? ዕውቀቱ ያላችሁ ብትመልሱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ባለ ላቦራቶሪው መለሰ፦

እኅቴ፣ የምግብ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ፤ በማውቀው ልክ ልመልስልዎ። በቅድሚያ ፈንዲሻውን ለአማትዎ መልሰው ያቅርቡላቸው። በአሜሪካ ገበያ በዘረመል ምሕንድስና የተለወጠ የፈንዲሻ በቆሎ የለም። የተለወጠው በዋናነት ለከብት መኖ፣ ለነዳጅ፣ ለስታርችና ለዱቄት የሚዘራው የእርሻ በቆሎ ሲሆን፣ ከዚህኛው ግን ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው የተለወጠ ስለሆነ የቂጣው ማሸጊያ ላይ ምልክቷን ማግኘትዎ አያስደንቅም።

ዘረመሉ ወደ ሰውነት ይገባል ወይ ላሉት፣ ከጨው፣ ከውኃና እንደ ስኳር በጣም ከተጣሩት በቀር ዘረመል የሌለበት ምግብ ማግኘት ይቸግራል። (እዚህ አገር ጨው ላይ እንኳ «ያልተለወጠ» የሚል ምልክት ተለጥፎ አይቻለሁ፤ ጨው ምን ዘረመል አለውና ይለወጣል?) ጎመን ስንበላ የጎመኑን፣ ዶሮ ወጥ ስንበላ የዶሮዋን ዘረመል አብረን እንውጣለን። ጨጓራና አንጀት ይበጣጥሱታል፤ ቅንጥብጣቢው አልፎ አልፎ ደም ውስጥ ቢገኝም ጎመን በልቶ ቅጠል ያበቀለ ሰው የለም። ከሌላ ፍጥረት ተወስዶ በቆሎው ውስጥ የገባው ቁራጭም ከእነዚያው ንጥረ ነገሮች የተሠራ ስለሆነ አንጀታችን ከሌላው ለይቶ አያውቀውም። ስለዚህ መርማሪ ሁሉ የሚጨነቀው ያ ዘረመል አዝዞ በሚያሠራው አዲስ ፕሮቲን ነው። መርዝነት አለው? አለርጂ ይቀሰቅሳል? በሙቀትና በጨጓራ አሲድ ይፈርሳል? የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም በእነዚህ ጥያቄዎች ዙሪያ የተዋቀረ ነው።

የቂጣውን በቆሎ በምሳሌነት እንውሰድ። ከተጨመሩለት ባሕርያት አንዱ «ቢቲ» ይባላል። አፈር ውስጥ የሚኖረው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። አገዳ ቆርቁር ወይም ተምች ሲበላው በትሉ አንጀት ውስጥ ይሟሟና ከአንጀቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ግድግዳውን ይበሳዋል፤ ትሉ መብላት ያቆምና ይሞታል። የትሉ አንጀት አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ የሰው ጨጓራ ግን አሲድ ነው፤ ፕሮቲኑ የሚጣበቅበት መያዣም በእኛ አንጀት ውስጥ የለም። ስለዚህ እንደ ሥጋና እንደ ባቄላ ፕሮቲን ተፈጭቶ ያልፋል። ሰው ሠራሽ ኬሚካል አንነካም የሚሉት የኦርጋኒክ ገበሬዎች ሳይቀሩ ይህንኑ ባክቴሪያ አትክልታቸው ላይ ሲረጩ አሥርተ ዓመታት አስቆጥረዋል። ሌላም የማይነገርለት ጥቅም አለው፤ ትል ያልቦረቦረው በቆሎ በቀላሉ ስለማይሻግት ፉሞኒሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በቢቲ በቆሎ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

አለርጂን በተመለከተ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። አኩሪ አተር የሚጎድለውን ፕሮቲን ለማሟላት ሲባል ከብራዚል ለውዝ አንድ ዘረመል ተወስዶ ገብቶበት ነበር። ለብራዚል ለውዝ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ደም በአዲሱ አኩሪ አተር ሲፈተሽ ያው ምላሽ ተገኘበት፤ ውጤቱ በ1996 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ዘሩም ገበያ ሳይወጣ ተተወ። አንዳንዱ ይህን ታሪክ የአደገኛነቱ ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ ፍተሻው እንደሚሠራ ማስረጃ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ምናልባት ሁለታችንም እውነት አለን።

ከሁሉ በላይ ሚዛን የደፋልኝ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሪፖርት ነው። ከ900 በላይ ጥናቶችን ከመመርመራቸውም በላይ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይህን ምግብ ሲበላ የኖረውን የአሜሪካና የካናዳ ሕዝብ ብዙም ካልበላው የእንግሊዝና የምዕራብ አውሮፓ ሕዝብ ጋር አነጻጽረዋል። በካንሰር፣ በውፍረት፣ በኩላሊት ሕመም፣ በአለርጂም ሆነ በኦቲዝም ረገድ ከዚህ ምግብ ጋር የሚያያዝ ልዩነት አላገኙም። የዓለም የጤና ድርጅትም አሁን በዓለም ገበያ ያሉት የተለወጡ ምግቦች የደኅንነት ግምገማ ማለፋቸውንና በሰው ጤና ላይ አደጋ ያደርሳሉ ተብሎ እንደማይጠበቅ ይገልጻል። «አሁን በገበያ ያሉት» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ ነገ የሚመጣው ነገ ራሱን ችሎ መመርመር አለበት።

ወደ ማዕድ ቤትዎ ስመለስ፣ ጤፉ፣ ገብሱ፣ የስንዴ ዱቄቱ፣ ምስሩና የሽሮው እህል የተለወጡ አይደሉም። የአኩሪ አተር ዘይቱና ኮርንፍሌክሱ ግን ከተለወጠ እህል የመጡ የመሆናቸው ዕድል ከፍ ያለ ነው። ስኳሩም ከሸንኮራ አገዳ ካልሆነና ከስኳር ድንች መሰሉ ሥር፣ ማለትም ከሹገር ቢት ከሆነ፣ እንደዚያው ነው። የግዴታ ምልክቱ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል በጣም የተጣራ ዘይትና ስኳር የተለወጠው ዘረመል ስለማይገኝባቸው ምልክት እንዲለጠፍባቸው አላስገደደም፤ ስለዚህ ምልክት ከሌለ የተለወጠ አይደለም ብለው አይደምድሙ። ከሃዋይ የሚመጣ ፓፓያ ካገኙ ደግሞ አብዛኛው የተለወጠ ነው፤ ቫይረስ የደሴቲቱን ፓፓያ ሊያጠፋው ሲል በ1998 እ.ኤ.አ. ለገበሬዎች የተሰጠው ቫይረሱን የሚቋቋም ዘር ነው ያተረፈው።

ዘር ጠባቂ (ሐዋሳ) መለሰ፦

ባለ ላቦራቶሪው የጻፉትን በመብላት በኩል አልቃወምም። ነገር ግን «ጉዳት አልተገኘም» እና «ሁሉም ነገር በጥንቃቄ ተይዟል» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። በአሜሪካ አንድ ኩባንያ አዲስ የተለወጠ ዘር ለምግብነት ሲያቀርብ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ጋር የሚያደርገው ምክክር ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ መረጃውንም የሚያቀርበው በዋናነት ራሱ ኩባንያው ነው። ሁሉም ያደርገዋል ይባላል፤ ቢሆንም ዳኛው ማስረጃውን ከተከሳሹ እጅ ብቻ ሲቀበል ያየ ገበሬ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

የማልረሳው የስታርሊንክን በቆሎ ነው። ይህ ዘር የያዘው የቢቲ ፕሮቲን ከሌሎቹ ይልቅ በጨጓራ ውስጥ ቶሎ የማይፈርስ ስለነበረ፣ አለርጂ ያስከትል ይሆናል በሚል ሥጋት በ1998 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ለከብት መኖ ብቻ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. ግን ለሰው በሚሸጥ የበቆሎ ቂጣ ውስጥ ተገኘና ከመላ አገሪቱ ገበያ ተሰበሰበ። አመመን ካሉት ሰዎች መካከል የ28ቱ ደም ተመርምሮ ሕመማቸው ከዚያ ፕሮቲን እንደመጣ የሚያሳይ ምልክት አልተገኘም። የኔ ነጥብ ሌላ ነው፤ በወረቀት ላይ «ይህ ለከብት፣ ይህ ለሰው» ብሎ የለየው መንግሥት በጎተራና በወፍጮ ሊለየው አልቻለም። የአሜሪካ ጎተራ ይህን ካልቻለ የእኛ ይችላል ወይ?

የኢትዮጵያ ጥንቃቄም ከዚህ ሥጋት ጋር የተያያዘ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በካርታኼና ፕሮቶኮል፣ ማለትም ስለ ተለወጡ ሕያዋን ድንበር ማቋረጥ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ድርድር ላይ አፍሪካን ወክለው ሲከራከሩ፣ አንድ አገር ሳይንሳዊ እርግጠኝነት ባልተሟላበት ጊዜ እንኳ «ይቆየኝ» የማለት መብት እንዲኖረው ነበር የታገሉት። የእኛው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 በዚያ መንፈስ የተጻፈ ነው፤ እነዚህን ፍጥረታት «ልውጥ ሕያው» ብሎ የሚጠራቸውም እሱ ነው። ኋላ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ላላ ተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የቢቲ ጥጥ ለእርሻ ተፈቀደ። ጥጥ አይበላም የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ከፍሬው ዘይት ይጨመቃል፣ ፋጉሎው ለላም ይሰጣል፣ የላሚቱ ወተት ቤት ይመጣል። ዘይቱ ሲጣራ ፕሮቲኑ እንደማይቀርበት ስለማውቅ አልፈራውም፤ ሕዝቡ ግን ተነግሮት ቢበላው በወደድሁ።

ባለ ወፍጮ (አዲስ አበባ) መለሰ፦

ከወፍጮ ቤት የታዘብሁትን ልጨምር። በቆሎ ሊያስፈጩ ከሚመጡት ደንበኞቼ ብዙዎቹ ፍሬው ትልቅና እኩል እኩል ከሆነ «ይሄ ጂኤምኦ ነው» (ልውጥ ነው ለማለት) ብለው ይፈርዱበታል። ብዙ ጊዜ ያ በቆሎ ቢኤች 660 ወይም ሌላ ምርጥ ዘር ነው፤ በባኮ የምርምር ማዕከል ወንዱንና ሴቴውን መስመር በማዳቀል የተገኘ እንጂ ከሌላ ፍጥረት ዘረመል የገባበት አይደለም። የፈረንጅ ዶሮም እንዲሁ ነው፤ ቶሎ እንዲያድግ ለትውልዶች ተመርጦ የተዳቀለ ነው፤ ጣዕሙን ማማት ይቻላል፣ ልውጥ ነው ማለት ግን አይቻልም። ፍሬ የሌለው ሐብሐብም፣ ጠንካራው ቲማቲምም እንደዚሁ። አገራችን ውስጥ «ጂኤምኦ» የሚለው ቃል የማንወደው የፈረንጅ ነገር ሁሉ የጋራ ስም ሆኗል፤ በዚህ የተነሣ እውነተኛው ጥያቄ ሲመጣ የሚሰማው አጣ።

ወለተ ወሎ (ሜሪላንድ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ዕጢያቸው እንደ ኳስ ያበጠ አይጦች የሚታዩበት ፎቶግራፍ አለ፤ የተለወጠ በቆሎ በልተው ነው ይባላል። እሱን ካየሁ ወዲህ ከዓይኔ አልጠፋም። ሁለተኛ፣ ችግሩ ዘረመሉ ሳይሆን የሚረጭበት ራውንድአፕ የተባለው ፀረ-አረም ነው የሚሉ አሉና ስለዚህ ምን ትላላችሁ?

ባለ ላቦራቶሪው መለሰ፦

ፎቶግራፉ የፈረንሳዊው የሴራሊኒ ቡድን በ2012 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጥናት የተወሰደ ነው። ጥናቱ 200 አይጦችን ለሁለት ዓመት የተከታተለ ሲሆን፣ የተለወጠ እህልም ሆነ ፀረ-አረም ያልተሰጣቸው ማነጻጸሪያዎቹ 10 ወንድና 10 ሴት ብቻ ነበሩ። የተመረጠው የአይጥ ዝርያ ደግሞ ስፕራግ-ዶውሊ የሚባለው ነው፤ ይህ ዝርያ ሲያረጅ ምንም ቢበላ በራሱ ዕጢ የማውጣት ዝንባሌው ከፍተኛ ነው። ያልተለወጠ እህል የበሉትም አይጦች ዕጢ አውጥተው ነበር፤ የእነሱ ፎቶ ግን አልወጣም። መጽሔቱ በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ማጭበርበር አላገኘሁም፣ ነገር ግን መረጃው ለድምዳሜው አይበቃም ብሎ ጽሑፉን ሳበው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ሌላ መጽሔት ላይ ዳግም ታተመ። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ያው ዓይነት በቆሎ ለአይጦች ለሁለት ዓመት ተሰጥቶ ተጠና፤ የተለወጠው በቆሎ ያደረሰው ጉዳት አልተገኘም። የሚያሳዝነው ግን የመጀመሪያው ጥናት ፎቶ ስልክዎ ድረስ ሲመጣ የሁለተኛው ጥናት ሠንጠረዥ አለመምጣቱ ነው። ኬንያ በ2012 እ.ኤ.አ. የተለወጠ ምግብ እንዳይገባ ስትከለክል ይኸው ጥናት አንዱ ምክንያት ነበር፤ ክልከላውን ያነሣችው ከአሥር ዓመት በኋላ በድርቅ ወቅት ነው።

ራውንድአፕን በተመለከተ ጥያቄዎ ቦታውን የጠበቀ ነው፤ እኔም ከዘረመሉ ይልቅ ለዚህኛው ጊዜ እሰጣለሁ። የራውንድአፕ ዋና ንጥረ ነገር የሆነውን ግላይፎሴት የተባለውን ፀረ-አረም የሚቋቋም አኩሪ አተርና በቆሎ መስፋፋቱ የመድኃኒቱን ርጭት በእጅጉ ጨምሮታል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ክፍል በ2015 እ.ኤ.አ. «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚለው ምድብ አስገባው፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በዚያው ዓመት በተቃራኒው ካንሰር የማምጣቱ ነገር አጠራጣሪ ነው አለ። ለመለያየታቸው አንዱ ምክንያት የመረመሩት ነገር አንድ አለመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ከሌሎች ነገሮች ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጠውን መድኃኒት ጭምር አይቶ «ጨርሶ ሊያመጣ ይችላል ወይ?» ብሎ ይመድባል፤ ቀይ ሥጋም የሚገኘው እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ሁለተኛው የመረመረው ግላይፎሴትን ብቻውን ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ በጀርባው ተሸክሞ የሚረጨው ሠራተኛ ሥጋትና ኮርንፍሌክስ የሚበላው ልጅዎ ሥጋት አንድ አይደለም። ደግሞም «ያልተለወጠ» የሚለው ምልክት ከግላይፎሴት ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ በሰሜን አሜሪካ አንዳንድ ገበሬዎች ያልተለወጠውን ስንዴና አጃ ከአጨዳ በፊት ለማድረቅ ይህንኑ መድኃኒት ይረጩበታል። ቅሪቱን መቀነስ ከፈለጉ «ኦርጋኒክ» የሚለውን ይምረጡ።

ዘር ጠባቂ (ሐዋሳ) መለሰ፦

በዚህ እስማማለሁ፤ አንድ ብቻ ልጨምር። «የተለወጠ ምግብ» ብሎ በአንድ ከረጢት መክተት ለሁለታችንም ወገን ስሕተት ነው። ቫይረስ የሚቋቋመው ፓፓያ ርጭት አይፈልግም፤ የቢቲ በቆሎ የተባይ መድኃኒት ርጭት ይቀንሳል፤ ፀረ-አረም የሚቋቋመው አኩሪ አተር ግን ርጭት ይጠራል። እኛ ደቡብ ላይ አጠውልግ የተባለው በሽታ የቤተሰብ እንሰት በአንድ ዓመት ሲጨርስ እያየን ነውና፣ ነገ በሽታውን የሚቋቋም እንሰት በዚህ ዘዴ ቢገኝ ስሙን ሰምቼ ብቻ አልገፋውም። ምን ዘረመል እንደገባበት፣ ቆጮውና ቡላው ተመርምሮ እንደሆነ፣ ችግኙን ከጎረቤቴ እንደ ወትሮው መቀባበል እንደምችል ጠይቄ እወስናለሁ።

ወለተ ወሎ (ሜሪላንድ)፦

የጻፋችሁትን ለአማቴ አነበብሁላቸው። ስለ አይጦቹ ስደርስ «ታዲያ ያልበላውም ካበጠ በበቆሎው ምን አሳበባቸው?» አሉ። የበቆሎ ቂጣውን አሁንም አይነኩትም፤ ጉዳት አለው ብለው ሳይሆን አይጣፍጥም ብለው ነው፤ በዚህስ አልፈርድባቸውም። ፈንዲሻውን ግን ዛሬ ከቡናው ጋር በሉ። አሁን የመጣው ጣጣ ሌላ ነው፤ «ያልተነካካ ከሆነማ» ብለው ካልፈነዳው አንድ ጭብጥ በመሐረብ ቋጥረው ደሴ ወስደው ጓሯቸው ሊዘሩት ተነሥተዋል። ይበቅላል ወይ? ይፈቀዳልስ ወይ?

ዘር ጠባቂ (ሐዋሳ) መለሰ፦

ያልፈነዳና በእሳት ያልተነካ ከሆነ ሊበቅል ይችላል። ነገር ግን ልውጥ ሆነም አልሆነ ዘር ከውጭ ሲገባ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ይጠየቅበታል፤ በበሽታና በአረም ምክንያት ነው። የፈንዲሻ በቆሎ ደሴ ገበያም ይገኛልና ያንን ጭብጥ ከመሔዳቸው በፊት አፈንድተው ይብሉት።